አዲጋላ በየትኛው «አ» ትጻፋለች?

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች አንድ ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ብርድ ልብሱስ ይሁን፤ የጅግጅጋን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ሰዓቱን ያሰበው ግን ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አጠያይቃለሁ። የምትሮጥበት ለሌላት ሴት ሰዓት መስጠት ለእኔ ተረብ ነው። ቢሆንም ሰቅዬዋለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲል ቀና ብዬ አየውና «ይኼኔ ፊርማ ላይ ነበርኩ» እላለሁ።

ጎረቤቶቼ ሥራዬ ምን እንደነበር በትክክል አያውቁም። «ውሃ ቢሮ ነበረች» ይላሉ፤ ቧንቧቸው ሲበላሽም ይጠሩኛል። በቀደም ከጎኔ ሱቅ ያላት ሴት «ለመሆኑ ያንን ሁሉ ዘመን እዚያ ቢሮ ምን ስትሠሪ ኖርሽ?» አለችኝ።

«ሳጋባ» አልኳት።

«ደላላ ነበርሽ እንዴ!» ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቴን ነው። በአንዱ ዝርዝር ላይ የትኛው ከተማ ስንት ሰው እንዳለው ይጻፋል፤ በሌላው ላይ የትኛው ከተማ ምን ዓይነት ውሃ እንዳለው። ሁለቱ ለየብቻቸው ሲቀመጡ ምንም አይነግሩህም። ስታጋባቸው ነው የተጠማው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው። እኔ ራሴ ባል አላገባሁም፤ ከጀርባዬ «ቆሞ ቀር» የሚለኝም አልጠፋም። እንግዲህ ቆሞ ቀሯ ከተሞችን ስታጋባ ዕድሜዋን ጨረሰች።

የተወለድኩት እዚሁ ጅግጅጋ ነው። አባቴ በወታደርነት መጥተው እዚህ የቀሩ ሰው ነበሩ። ሶማልኛ የተማርኩት ከገበያ ስለሆነ በሶማልኛ መከራከርና መሳደብ እችል ነበር፤ መጻፍ ግን አልችልም። መንግሥት በተለወጠ ማግስት በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ቀድሞ ከምሠራበት ሱቅ ያነሰ ነበር፤ ግን የራሴ ወንበር ነበረኝ፤ ወንበሩ ደግሞ መደገፊያ ነበረው። ያኔ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሶማልኛ ሆነና ከወረዳ የሚመጣው ሁሉ በላቲን ፊደል ተጽፎ ይደርሰን ጀመር። ለአዲስ አበባ የምንልከው ደግሞ በአማርኛ ነው። በመሀል ያለሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ወር ከባቡር ሐዲዱ መስመር የመጣ የከተሞች ዝርዝር ሰጥተውኝ ወደ አማርኛ ገልብጬ አቀረብኩ። ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው፣ መፋቂያ በአፋቸው ጥግ እንደያዙ፣ ወረቀቴን አንጠልጥለው ገቡ።

«ይቺን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ካዲጋላ የት ነው?»

«እኔ እንጃ፤ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ይላል።»

«እኔ የተወለድኩበት ነው» አሉ። «ካዲጋላ ሲባል ግን ዛሬ ሰማሁ።»

በሶማልኛ አጻጻፍ የላቲኑ «ሲ» ድምፁ እንደ «ከ» እንዳልሆነ፣ ከጉሮሮ የሚወጣ «ዐ» እንደሆነ ማን ነግሮኝ! ሰውየው እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ መዝዘው በወረቀቱ ጥግ አንዲት ክብ ፊደል ጻፉ።

«ይቺ የእናንተ ፊደል ናት። ስሟ ማነው?»

«ዓይኑ ዐ።»

«በለው! ዐረቡም ዐይን ይላታል፣ እኛም ዐይን እንላታለን። እናንተ ድምጿን ጥላችሁ መልኳን ብቻ አስቀራችሁ። ዐዲጋላ የምትነሣው ከዚህ ነው» ብለው ጉሮሯቸውን በጣታቸው ነኩ።

እኔም ልጅነቱ ነበረኝና መለስኩላቸው። ለአማርኛ አንባቢ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ በአልፋው አ ብጽፈው ማንም አይሳሳትም አልኳቸው።

«ስምሽ ማነው?»

«ዓለምነሽ።»

«በየትኛው ትጽፊዋለሽ?»

እዚህ ላይ ያዙኝ። ስሜን የምጽፈው በዓይኑ ዓ ነው። ደመወዝ ክፍል በአልፋው ጽፎት በቀደም ተጣልቼ ነበር፤ ወሬው ሳይደርሳቸው አልቀረም።

«አየሽ» አሉኝ፤ «ለራስሽ ዓይን ትፈልጊያለሽ፣ የዐዲጋላን ዓይን ግን ታወጪያለሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው፣ አዴር ሮብሌ፣ አለቃዬም አስተማሪዬም ሆኑ። አዴር ማለት አጎት ማለት ነው፤ ቢሮው ሁሉ እንደዚያ ይላቸው ነበር። በፊደሏ ግን አልተስማማንም፤ በአልፋው በጻፍኳት ቁጥር «ዓይኗን አወጣሻት» ይሉኝ ነበር። በወጣትነታቸው አዲጋላ ባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ያስተላልፉ ነበር። የባቡሩ ሥራ ሲቀዛቀዝ ነው ጅግጅጋ መጥተው ውሃ ቢሮ የገቡት። ባቡሩ ግን ከእርሳቸው አልወረደም። ስብሰባ ሲዘገይ «ከድሬዳዋ አልተነሣም» ይላሉ። አዲስ ኃላፊ ሲሾምልን ደግሞ «ሎኮሞቲቩ ተቀየረ፤ ፉርጎው ያው ነው» ብለው መፋቂያቸውን ወደ ሌላኛው ጥግ ያዛውራሉ።

ከልማዳቸው ሁሉ አንዱን ልንገራችሁ። ጣቢያ ውስጥ ባቡር ሲያልፍ ሰው ሁሉ የሚያየው ፊቱን ነው። የጣቢያ ሠራተኛ ግን የሚያየው ጭራውን ነው። በመጨረሻው ፉርጎ ላይ ፋኖስ ይሰቀላል፤ ፋኖሱ ካለፈ ባቡሩ ሙሉ ነው፤ ከሌለ አንድ ቦታ ተበጥሶ የቀረ ፉርጎ አለ ማለት ነው። አዴር ሮብሌ ይህን ወደ ወረቀት ሥራ አመጡት። ሁለት ዝርዝር አስታርቄ ሳቀርብላቸው አሪፍ ነው፣ ጥሩ ነው አይሉም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ማን ቀረ?» ይላሉ። ይኸው ነው። «ማን ቀረ?» ካሉ በኋላ መልስ እስክሰጥ ወረቀቱን አይነኩም። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ ኋላ ኋላ የቤቴን በር ስቆልፍም ራሴን «ማን ቀረ?» ማለት ጀመርኩ፤ እቤት ከድመቴ በቀር የሚቀር ሰው እንደሌለ እያወቅሁ።

ከጅግጅጋ ውጭ የሠራሁት በሁለት ቦታ ነው። አይሻ ሲልኩኝ አለቀስኩ፤ ከአይሻ ሲመልሱኝም አለቀስኩ። ነፋሱና ሙቀቱ አንድ ላይ ሲመጣ ወረቀት ላይ ድንጋይ ካልጫንክ በቀር ሥራ የለም። ብርካ ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው። ብርካ በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ነው፤ ከቢሮ ሆነህ ስትጽፈው አንድ ቃል ነው፣ አይሻ ሆነህ ስታየው ግን ባለቤት አለው፣ ጠባቂ አለው፣ የሚጣላበት ሰውም አለው። ባለቤቶቹን ስመዘግብ ግማሹ መሐመድ ሆነብኝ። አንዱ ሽማግሌ ሳቁና «በቅጽል ስም ጻፊ እንጂ!» አሉኝ። ረጅሙ መሐመድ ዴሬ ነው፣ አጭሩ መሐመድ ጋብ። እንዲህ ያለ ነገር በመንግሥት ወረቀት ላይ ስጽፍ ተሳቀቅሁ፤ ባለቤቶቹ ግን ቅጽላቸው ከተዘለለ ነበር የሚቆጡት። ለእኔም «ኢንዶየር» የሚል አወጡልኝ፤ ዓይነ ትንሿ ማለት ነው። አዴር ሮብሌ ይህን የሰሙ ቀን እስኪያስላቸው ሳቁ።

ቱሊ ጉሌድ ደግሞ ባዶ ቦታ ምን እንደሚያደርግ አስተማረችኝ። ያን ጊዜ ኮምፒውተር ገብቶልን ነበር። የወረዳዋን ስም አንዱ ሰው አገጣጥሞ፣ ሌላው ከፍሎ፣ እኔ ደግሞ በመካከሉ ሁለት ጊዜ ክፍተት ነክቼ ጻፍነውና ኮምፒውተሩ ሦስት ወረዳ አደረጋት። አዴር ሮብሌ «ማን ቀረ?» ሲሉኝ «ማንም አልቀረም፣ እንዲያውም ሁለት ወረዳ ተወለደ» አልኳቸው። ያ ስህተት ከቢሮ ሳይወጣ ስለተያዘ እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ያስቀኛል።

አዴር ሮብሌ ጡረታ ከወጡ በኋላም በኮንትራት ቆዩ፤ የሰሜኑን፣ የባቡር ሐዲዱን መስመር እንደ እርሳቸው የሚያውቅ አልነበረም። እንዲያ እያለን ነው ሆዳን የመጣችው። ሆዳን የጅግጅጋ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ተምራ የተመለሰች፣ ፈጣንና ሰው አክባሪ። አዲስ የሪፖርት ሶፍትዌር ተገዝቶ ነበርና እንድታስተምረን ተመደበች። ሥዕሉ ያምራል፤ ካርታው ቀይና ሰማያዊ ይሆናል፤ የጫንከውን ዝርዝር በአንድ ጊዜ ያሳይሃል። የራስህን ሁለት ዝርዝር ላገናኝ ስትል ግን ጠባዩ ይከፋል።

«የሚያገናኘው ሁለት ብቻ ነው» አለችን ሆዳን። «ሦስተኛ ከፈለግን ሁለቱን አገናኝተን ውጤቱን አውጥተን እንደገና እናስገባለን። የሚያገናኘው ደግሞ በአንድ ዓምድ ነው፤ ለእኛ ያለን የከተማው ስም ነው። ስሙ በሁለቱም ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት።»

«ካልሆነስ?» አሉ አዴር ሮብሌ።

«ይጥለዋል።»

«ጥሎ ይናገራል?»

«አይናገርም፣ አዴር። ዝም ነው። በአንዱ ዝርዝር አንድ ስም ሁለት ጊዜ ካለ ደግሞ የሌላውንም ሁለት ጊዜ ያደርገዋል። ያንንም አይናገርም።»

አዴር ሮብሌ መፋቂያቸውን አወጡ። «ይህማ ኒካሕ ነው። ግን ያለ ምስክር ኒካሕ የለም፣ ልጄ።»

ኃላፊያችን ቀልደኛ ነበርና «ያልተጋባው እንግዲህ እንደ ዓለምነሽ ቆሞ ቀር ይሆናላ!» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሆዳን ብቻ አልሳቀችም፤ ወደ እኔ ዞር ብላ «ይቅርታ፣ እትዬ ዓለም» አለችኝ፤ እርሷ ምን በወጣት! ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳት።

ከዚያ ያ የድርቅ ዓመት መጣ። የበልጉ ዝናብ ቀረ። ሰው «ይዘንባል» እያለ ሰማይ ሰማይ ሲያይ የሰሜኑ መስመር ብርካዎች አንድ በአንድ ተጨረሱ። ውሃ በቦቴ ለማመላለስ ተወሰነና የትኛው ከተማ ስንት ቦቴ እንደሚደርሰው የሚያሳይ ሪፖርት በአስቸኳይ ተፈለገ። የሕዝቡን ዝርዝር የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የውሃውን ዝርዝር፣ የቱ ብርካ እንደደረቀ፣ የቱ ጉድጓድ ገና እንደሚሰጥ፣ አዴር ሮብሌ በየወረዳው እየደወሉ አጠናቅረው በገዛ እጃቸው ጻፉት። ሆዳን ሁለቱን አጋባች።

አዲጋላ በዚህ ጊዜ ለአዴር ሮብሌ የትውልድ ቦታ ብቻ አልነበረችም። እህታቸው ኤዶ ሳህራ እዚያ ነበሩ። ኤዶ አክስት ማለት ነው። በአሮጌው ጣቢያ አጠገብ ሻሂ ያፈላሉ፤ ፍየሎችም ነበሯቸው፣ አንዷን ከሌላዋ በስም የሚለዩዋቸው። ባል ሞቶባቸዋል፣ ልጆች የሏቸውም። ወንድማቸው ጅግጅጋ ኑሪ ቢሏቸው «ብርድ አልወድም» ብለው እምቢ ያሉ ሴት ናቸው። በየዓርቡ ይደዋወላሉ። ያን ሰሞን «ብርካው ጭቃ ሆነ» ብለው ነበር።

ካርታው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ሁላችንም ቆመን አየነው። ኃላፊው እስክሪብቶውን ከፍቶ ይጠብቃል። አዴር ሮብሌ እንደ ልማዳቸው መነጽራቸውን ሰቀሉ።

«ማን ቀረ?»

ሆዳን ወደ ሠንጠረዡ ግርጌ ወረደች፤ የረድፎቹን ቁጥር ከእኔ ዝርዝር ቁጥር ጋር አስተያየች። «ሙሉ ነው፣ አዴር። ልክ የከተሞቹን ያህል ነው።»

«ፋኖሱ አለፈ በሉኛ» አሉና ፈገግ አሉ። ሪፖርቱ ተፈርሞ ወጣ።

ስልኩ የጮኸው ዓርብ ባልሆነ ቀን ነበር። አዴር ሮብሌ ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት፤ ስለዚህ ቢሮው ሁሉ ሰማ።

«ሮብሌ፣ እኛን ለጅቡቲ ሸጣችሁን እንዴ?» አሉ ኤዶ ሳህራ በሶማልኛ።

«ምን ሆንሽ?»

«ቦቴው በደጄ ያልፋል። ትናንት አለፈ፣ ዛሬም አለፈ። ሙሉ ነው፣ ከኋላው ያንጠባጥባል። ፍየሎቼ መንገዱ ላይ ወጥተው ጠብታውን ከአቧራው ላይ ይልሳሉ። የሚሄደው አይሻ ነው። አይሻ ይጠጣ፣ ማን ጠላ! ግን እኛስ?»

«ሹፌሩን አስቁመሽ አትጠይቂውም?»

«ጄሪካኔን መንገዱ መሀል አስቀምጬ አስቆምኩት። አዲጋላ ወረቀቴ ላይ የለችም አለኝ። ወረቀቱን አሳየኝ፤ እኔ ደግሞ ማንበብ አላውቅ። አንተ ታውቅ የለም ወይ? እስኪ እይልኝ።»

አዴር ሮብሌ ስልኩን ሳይዘጉ አዩኝ። እኔ ዝርዝሬን ከፈትኩ፤ አዲጋላ አለች። እርሳቸው የራሳቸውን ከፈቱ፤ አለች። ሁለታችንም ጮክ ብለን አነበብን፣ ሁለታችንም ያልነው ያንኑ ስም ነው። ከዚያ የወጣውን ሪፖርት ገለጥን። የለችም። ከድሬዳዋ በላይ ያለውን መስመር በሙሉ በጣቴ ተከተልኩ፤ ሌላው ሁሉ አለ፤ አዲጋላ ብቻ የለችም። ግራ ገባን፤ ቁጥሩ ልክ ነበር እኮ!

ሆዳን መጥታ ሁለቱን ስም ከየዝርዝሩ ቀድታ ጎን ለጎን አስቀመጠችና አጎላቻቸው። ቀስ ብላ «እትዬ ዓለም፣ ይቺ የማን ናት?» አለችኝ።

አዲጋላ። ዐዲጋላ።

አልፋዋ የእኔ ነበረች፣ ዓይኗ የአዴር ሮብሌ። ለዘመናት የተሳሳቅንባት ፊደል! እርሳቸው ልክ ነበሩ፤ እኔም አማርኛ አንባቢ ዘንድ ልክ ነበርኩ፤ ሶፍትዌሩም በራሱ ሕግ ልክ ነበር። ሦስት ልክ ተደማምሮ አንዲትን ከተማ አስጠማ። ቁጥሩ ስለምን እንደሞላ የገባንም ወዲያው ነው። አዴር ሮብሌ፣ ጠንቃቃው ሰው፣ ለአይሻ ሁለት ረድፍ ሰጥተዋታል፤ አንዱ ለጣቢያው ብርካ፣ አንዱ ለከተማው ጉድጓድ። ሶፍትዌሩም አይሻን ሁለት ጊዜ ዳራት፤ የአዲጋላን ቦታ በአይሻ ሞላው። አንዷ ሁለት ጊዜ ስትዳር አንዷ ቆማ ቀረች።

አለቀስኩ። ሰው ፊት ነው ያለቀስኩት፤ አላፈርኩም። ሆዳን እየደጋገመች «ቁጥሩን ማየት አልነበረብኝም፣ ስሙን ነበር» ትላለች። ኃላፊው ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት ስልክ ላይ ስልክ ይደውላል። ቦቴዎቹ ተደልድለው ወጥተዋል፤ ድልድሉን ለመለወጥ ሌላ ደብዳቤ፣ ሌላ ፊርማ፣ ሌላ ስብሰባ ይጠይቃል፤ ከአይሻ እንቀንስ ቢሉም አይሻም ተጠምታለች። በስብሰባው ላይ ጥፋቱ የማን ነው የሚል ጥያቄ ሲነሣ አዴር ሮብሌ ተነሡ።

«ማን ቀረ ብዬ ጠየቅሁ» አሉ። «ስንት እንደሆነ ነገሩኝ። እኔም መልስ ነው ብዬ ተቀበልኩ።»

ይህን ብለው ተቀመጡ።

ውሃው በመጨረሻ አዲጋላ ደረሰ፤ ለሰው ደረሰ። ሰው አልሞተም፣ ለዚህ ተመስገን ነው። የኤዶ ሳህራ ፍየሎች ግን አልጠበቁትም። ጎረቤቶቻቸውም ገሚሱ ወደ ድሬዳዋ፣ ገሚሱ ወደ አይሻ ተበትነው ነበርና ሻሂ የሚጠጣ ሰው ጠፋ። አንድ ቀን ኤዶ ሳህራ በአውቶቡስ ጅግጅጋ ወረዱ። ልቀበላቸው ከወንድማቸው ጋር ሄጄ ነበር። በአንድ እጃቸው ጥቅል፣ በሌላው የጠቆረ ማንቆርቆሪያ ይዘዋል።

«ከሀብቴ የቀረችው ይቺ ናት» አሉና ማንቆርቆሪያውን ለወንድማቸው አቀበሉ። እርሳቸውም ተቀብለው ልጅ እንደሚታቀፍ ታቀፉት፤ ጥቀርሻው ነጭ ሸሚዛቸውን አበላሸው።

ቀጣዩ የውሃ ዝርዝር ከአዴር ሮብሌ ዘንድ ሲመጣልኝ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አዲጋላ በአልፋው አ ተጽፋለች፤ በገዛ እጃቸው። ወረቀቱን ይዤ ወደ ጠረጴዛቸው ሄድኩ።

«አዴር፣ ዓይኗስ?»

ቀና አላሉም። «ውሃ ይሻላታል» አሉኝ።

ያን ቀን «ዓይኗን አወጣሻት» ብለው ቢቆጡኝ ምንኛ በወደድኩ! ከዚያ ወዲያ ያቺን ተረብ አንድም ቀን ከአፋቸው አልሰማሁም። ጥቂት ቆይተው ኮንትራታቸውን ሳያድሱ ቀሩ፤ ጉልበቴ ደከመ አሉ።

ሆዳን ግን ነገሩን አልተወችውም። ለእያንዳንዱ ከተማና ቀበሌ የማይለወጥ ቁጥር ይሰጠው፣ መጋባቱ በቁጥሩ ይሁን፣ ስሙ ለንባብ ብቻ ይቀመጥ ብላ ተሟገተች። ከወረዳ ወረዳ ማስማማቱ፣ ማስፈቀዱ፣ ማስፈረሙ የሰው ትዕግሥት ይፈጃል፤ ያለቀው እኔ ልሰናበት ስቃረብ ነው። ሌላም ነገር ሠራች። ከማንኛውም ሪፖርት በፊት የሚወጣ አንድ ገጽ አዘጋጀች፤ ከሁለቱ ዝርዝሮች ያልተገናኘውን ከነስሙ፣ ሁለቴ የገባውንም ከነስሙ ያሳያል። ያ ገጽ ሳይታይ ፊርማ የለም። የገጹን ርዕስ «ማን ቀረ?» አለችው። ዛሬ እዚያ ቢሮ የሚገቡት ልጆች ከየት እንደመጣ ሳያውቁ «ማን ቀረውን አየኸው?» ይባባላሉ፤ ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል።

የመጨረሻው የሥራ ቀኔ ላይ እጄ ላይ የቀረ ሥራ አልነበረም። የስሞቹን ዓምድ ከፈትኩ። ከእንግዲህ ሶፍትዌሩ ስሙን አያይም፤ በየትኛው ፊደል ቢጻፍ ማንም አይጠማም። አልፋውን አጠፋሁና ዓይኑን ዐ አስገባሁ። የሰሜኑን መስመር ገጽ አተምኩት፤ ብርድ ልብሱንና ሰዓቱን ተሸክሜ በቀጥታ ወደ አዴር ሮብሌ ቤት ሄድኩ።

ሽርጣቸውን ለብሰው፣ እግራቸውን ዘርግተው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ኤዶ ሳህራ ከጎናቸው ወፍራም ሹራብ ደርበው ሻሂ ያፈላሉ፤ ስለ ጅግጅጋ ብርድ ያላቸው አስተያየት አልተለወጠም። ወረቀቱን ለአዴር ሮብሌ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ፤ ጣታቸው መስመር በመስመር ወረደና አንድ ቦታ ቆመ።

«ዐዲጋላ» አሉ፤ ከጉሮሯቸው፣ ከትክክለኛው ቦታ።

«ዓይኗን መለስኩላት፣ አዴር።»

ከዚያ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው፣ መነጽራቸውን እንደ ድሮው ግንባራቸው ላይ ሰቀሉት። ምን ሊሉኝ እንደሆነ አውቄ ሳቄ መጣ።

«ማን ቀረ?»

«ማንም አልቀረም!» አልኳቸው፤ ይህን መልስ በሙሉ ልቤ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ኤዶ ሳህራ በዚያው በጠቆረው ማንቆርቆሪያ ሻሂዬን እየቀዱ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ ብርጭቆው እስኪሞላ ጠብቀው፣

«እኔ ቀረሁ» አሉ።